የኩላሊት ምዕራፍ

የሕፃናት ሐኪም ልሁን ብዬ ለመግቢያ ፈተና ስዘጋጅ፣ ከመጽሐፉ ሁሉ የጠላሁት የኩላሊቱን ምዕራፍ ነበር። ልብን እወዳለሁ፤ ልብ ይመታል፣ ጆሮ ለሰጠው ሰው ሕመሙን ይናገራል። ሳንባም ቢሆን ግልጽ ነው። ኩላሊት ግን ከጀርባ ተደብቆ ዝም ይላል። ሲከፋውም ነገሩን በቀጥታ አያወጣውም፤ አንዴ በዓይን ቆብ፣ አንዴ በደም ግፊት፣ አንዴ በሽንት መልክ እያዞረ ይነግራል። ጎጃም ተወልጄ አድጌ አሽሙር ለመፍታት ሰንፌ አላውቅም፤ የኩላሊት አሽሙር ግን አቃተኝ።

ያን ጊዜ ፍኖተ ሰላም ላይ በአንድ ሆስፒታል ጠቅላላ ሐኪም ነበርሁ። የምኖረው መናኸሪያው አጠገብ፣ ልጆቻቸው አድገው ከተበተኑባቸው አንዲት እናት ግቢ፣ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነው። እማማ እላቸዋለሁ፤ እሳቸው ደስ ሲላቸው «ልጄ»፣ ሲቆጡ «ዶክተር» ይሉኛል። ኢንተርኔት ከጠፋ ቆይቶ ስለነበር የማጠናው ባሕር ዳር ተማሪ ሳለሁ በገዛሁት፣ ጀርባው በፕላስተር በተጠገነ ወፍራም መጽሐፍ ነው። ደግሞ ድምፄን ከፍ አድርጌ ካላነበብሁ አይገባኝም። ከሥራ ስወጣ ግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያልሁ ስጮህ፣ እማማ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ይሰሙኛል።

«ልጄ፣ ዳዊት ነው የምትደግሚው?» አሉኝ አንድ ቀን።

«ኧረ ትምህርት ነው፣ እማማ።»

«እኔስ ስድብ መስሎኝ፣ ማን አስቀየማት ስል ነበር።»

ስድብ መምሰሉ እውነት ነው። ምዕራፉ ውስጥ ኔፍሮቲክና ኔፍሪቲክ የሚባሉ፣ በአንዲት ፊደል ብቻ የሚለያዩ ሁለት በሽታዎች አሉ። ሮ ያለበት፣ የኩላሊቱ ወንፊት ሳስቶ የሰውነት ፕሮቲን ከሽንት ጋር የሚያመልጥበት ነው፤ ልጁ ያብጣል፣ ሽንቱ አረፋ ይደፍቃል። ሪ ያለበት ደግሞ ኩላሊቱ ተቆጥቶ ደም የሚያሳልፍበት ነው፤ ሽንቱ እንደ ሻይ ይጠቁራል፣ የደም ግፊት ይጨምራል። ሲነገር ቀላል ነው። እኔ ግን ጥያቄው ላይ ስደርስ ሮና ሪ ቦታ ይለዋወጡብኛል።

«መንትያ ናቸው?» አሉ እማማ ሳስረዳቸው።

«አይ፣ ለየብቻ ናቸው።»

«ታዲያ ስም ያወጣላቸው ሰው ምን ነካው? ለሁለት ልጅ አንድ ስም?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቃሎቹን የራሳቸው አደረጓቸው። ጎመናቸውን የሚጭረውን አውራ ዶሮ «ውጣ፣ አንተ ኔፍሪቲክ!» እያሉ ያባርሩት ጀመር። ዶሮው አናቱ እንደ ደም የቀላ ነበርና፣ እኔም ሪ ማለት ደም ማለት ነው ብዬ ያዝሁ። አንዷ ፊደል በዚህ ዓይነት ከቦታዋ ጸናችልኝ።

ሮን ያስተማረኝ ከቡሬ የመጣ ልጅ ነው።

አባቱ የእህል ነጋዴ ነው። አምስት ዓመት የሚሆነውን ልጁን አቅፎ፣ ሚስቱን አስከትሎ ገባና ገና ሳይቀመጥ «ዶክተር፣ ልጄ አልታመመም» አለኝ። «እናቱ ናት ያስቸገረችን። ልጁ ወፈረ። ወፈርሁ ብሎ ሐኪም ቤት የሚመጣ ሰው አይተው ያውቃሉ?»

«ጫማው እምቢ አለው» አለች እናቱ ቀስ ብላ። «ባለፈው ሳምንት ሰፍቶት የነበረ ጫማ ነው።»

«ይደግ ተመስገን አትዪም!» አለ ባሏ፤ ወደ እኔም ዞረ። «ይኼ ልጅ ሲወለድ ጀምሮ ክር ነበር። ነፋስ ሲነሣ ከቤት አናስወጣውም ነበር ብልዎት ውሸት አይደለም። መጨረሻ ላይ ለእመቤታችን ‹ልጄን ሥጋ አልብሽልኝ እንጂ ጥላ አስገባለሁ› ብዬ ተሳልሁ። ይኸው ሰማችኝ፤ በወሩ ሞላ። እኔም ጥላውን አስገብቻለሁ፤ ዘርፉ ወርቅማ ነው።»

ልጁ በአባቱ ጭን ላይ ሆኖ አየኝ። አየኝ ማለት ይከብዳል፤ ዓይኖቹ እንደ ስንጥቅ ጠበው ነበር። እናቱን ስጠይቃት ጠዋት ጠዋት ዓይኑ አልገለጥ እንደሚለው፣ ወደ ማታ ፊቱ ጎደል ሲል እግሩ እንደሚሞላ ነገረችኝ። ቅልጥሙ ላይ አውራ ጣቴን ተጭኜ ሳነሣ ጉድጓዱ እዚያው ቀረ፤ ሊጥ ላይ እንደ ተጫኑት። አባትየው ጉድጓዱን አየ፤ ከዚያ እኔን አየ።

«ይኼ ሥጋ አይደለም» አልሁት።

«ምንድን ነው ታዲያ?»

«ውኃ ነው።»

ሽንቱስ እንዴት ነው ብዬ ስጠይቅ እናቱ ቶሎ መለሰች፤ ማንም እስካሁን ስላልጠየቃት የቆየ መልስ ነበር። «አረፋው አይጠፋም። የሸናበት ቦታ ሳሙና የደፉበት ነው የሚመስለው።»

ልጁን በዕቃ አሸንተን የመመርመሪያዋን ወረቀት ነከርኋት። ቢጫ የነበረችው ወረቀት ዓይኔ እያየ አረንጓዴ፣ ከዚያም ጥቁር አረንጓዴ ሆነች። ደም የለበትም። የደም ግፊቱም ደኅና ነው።

«ሮ!» አልሁ ሳላስበው፣ ጮክ ብዬ።

«ምን አሉ?» አለ አባትየው።

ምንም አልሁ። ደስታዬ ወዲያው በረደ። መጽሐፍ ላይ ያለ ልጅ እናት የለውም፤ ይኼኛው ግን እናቱ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ይዛ ፊቴን ታነባለች። ተቀምጬ አስረዳኋቸው። የታወቀ በሽታ ነው፤ በዚህ ዕድሜ የሚይዛቸው ልጆች አብዛኞቹ በመድኃኒት ይመለሳሉ፤ ነገር ግን እብጠቱ እስኪጎድል እዚህ ይተኛል፣ መድኃኒቱም ረጅም ነው። እናትየዋ አለቀሰች፤ ያለቀሰችው ግን የፈራችውን ያህል ስላልሆነባት ይመስለኛል። አባትየው ጠጋ አለኝ።

«ዶክተር፣ እንግዲያ ያ ጥላ... ይመለስልኝ ይሆን?»

ሚስቱ ክንዱን ቆነጠጠችው።

ልጁ በተኛ በማግሥቱ ሁለት አያቶች ደረሱ። የአባትየው እናት ቡሬ አጠገብ ካለ የአዊ መንደር የመጡ፣ ከልጃቸው ጋር በአገውኛ የሚንሾካሾኩ ረጅም ሴት ናቸው። የእናትየዋ እናት ደግሞ ከፍኖተ ሰላም ገጠር የመጡ ሲሆኑ በቁመት ያጡትን በአንደበት ያካክሳሉ። ነገሩ የኩላሊት መሆኑን እንደ ሰሙ ልጁን በመካከላቸው አድርገው ዘር መቁጠር ጀመሩ።

«በእኛ ወገን ሰው ሸምግሎ ነው የሚሞተው» አሉ ረጅሟ።

«በእኛ ደግሞ ሰው አይታመምም» አሉ አጭሯ፣ «ከውጭ ካልገባ በቀር።»

በዚያው ሰሞን በዘር የሚተላለፉ በሽታዎችን እያጠናሁ ነበር፤ ወንድ በአራት ማዕዘን፣ ሴት በክብ እየተሣለ ትውልድ የሚቆጠርበትን ሥዕል። የቤተሰብን ሕመም መጠየቅም የሐኪም ደንብ ነው። ወረቀት አወጣሁና አንድ ባንድ ይንገሩኝ አልኋቸው። እስከ ሰባት ቤት መቁጠር የለመዱ ሰዎች መሆናቸውን ረስቼ ነበር። የኩላሊት ሕመም ያለበትን ሰው ስጠይቅ የመሬት ክርክር ያለበትን ጨምረው ነገሩኝ። ወረቀቱ በክብና በአራት ማዕዘን ተሞልቶ፣ ጀርባውን ገልብጬ፣ እሱም አልቆ፣ ሌላ አመጣሁ። ከጎረቤት አልጋ ያሉት አስታማሚዎች ሳይቀሩ ተጠግተው «እሷንስ በየት በኩል አገባት?» እያሉ ያግዙ ነበር።

እንዲህ ስንል ረጅሟ አያት አንድ በድሮ ጊዜ የታወቁ ዳኛ ጠቀሱ። አጭሯ ቀና አሉ።

«እኒያ ዳኛ የአክስቴ የክርስትና አባት አይደሉም እንዴ?»

ሆነው ተገኙ። ሁለቱ ሴቶች ጥቂት ተያዩና ተነሥተው ተሳሳሙ፤ «ለካስ ዘመድ ኖረናል!» ተባለ፣ ረጅሟ ለአጭሯ ወንበር ለቀቁ። ከዚያ በኋላ በአንድ ላይ ወደ እኔ ዞሩ።

«እንግዲህ በየትኛችን ነው የመጣው?»

«በማናችሁም አይደለም» አልሁ። «ይኼኛው ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ በዘር አይመጣም።»

«ጨርሶ?»

«ጨርሶ ማለት ይቻላል።»

«ታዲያ ከምን መጣ?»

«ምክንያቱን በቅጡ አናውቀውም።»

አጭሯ አያት በአዘኔታ አዩኝ። «ልጄ፣ ይኼን ሁሉ ዓመት ታዲያ ምን ስትማሪ ኖርሽ?»

መድኃኒቱ ሠራ። ልጁ በሽንት ላይ ሽንት እየሸና ጎደለ፤ ዓይኑ ተገለጠ፤ ዓይኑ ሲገለጥ ደግሞ ትልልቅና ተንኮለኛ ሆኖ ተገኘ። ቡሬ ተመልሶ መድኃኒቱን ቀጠለ። ይኼ መድኃኒት ግን የራሱ አመል አለው፤ ጉንጭ ያሳብጣል፣ ሆድ አይጠግብም። በቀጠሮው ሲመጡ የልጁ ጉንጭ እንደ ዳቦ ነፍቶ፣ እጁ ላይ በቆሎ፣ ኪሱ ውስጥ ቆሎ ነበር።

«ዶክተር፣ ይፍረዱኝ» አለ አባትየው። «ሳይበላ ሲወፍር በሽታ ነው አላችሁኝ፤ እሺ አልሁ። አሁን እየበላ ወፈረ። ይኼስ ምንድን ነው?»

«ይኼ የመድኃኒቱ ነው። ሲቀነስ ይጠፋል።»

«ይጠፋል?» ፊቱ ወደቀ። «እኔ ስለቴ ዘግይቶ ደረሰ ብዬ ነበር።»

ትልቁ ጦርነት ግን በጨው ላይ ነበር። ጨው ቀንሱ ብያለሁ፤ እናቱም ወጡን ለብቻው ትሠራለታለች። ልጁ አልጫውን ቀምሶ ለጥቂት ቀን አለቀሰና ድንገት ዝም አለ። መልመዱ ነው ብለው ተደሰቱ። በኋላ ረጅሟ አያቱ ቤት በረት ውስጥ ለከብቶቹ የተቀመጠውን አሞሌ ከጥጃዋ ጋር በየተራ ሲልስ ተገኘ። አያትየዋ ይህን ሊነግሩኝ ቡሬ ድረስ ወርደው ደወሉልኝ፤ ከልጅ ልጃቸው ይልቅ ያሳሰባቸው ጥጃዋ በሽታ ይዟት እንደሆነ ነበር። አይተላለፍም ብዬ ማልሁላቸው።

ከዚያ በጸጥታው ምክንያት መንገዱ አንድ ቀን ክፍት፣ አንድ ቀን ዝግ ሆነ። አባትየው በስልክ፣ ልጁን ማምጣት ፈራሁ አለኝ። ያን ያህል አያስቡ፣ ልጁ ደኅና ከሆነ የጠዋት ሽንቱን በትንሽ ዕቃ አድርገው መንገድ በተከፈተ ቀን ይላኩልኝ አልሁት። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነበር። «ትንሽ» የምትለዋን ቃል የሰማ አልመሰለኝም።

በማርያም ቀን ነው። እማማ የማኅበር ተራቸው ደርሶ ቤታቸው በሰው ተሞልቷል። እኔ ሆስፒታል ነበርሁ። የሚኒባስ ረዳት በሩን አንኳኩቶ «ከቡሬ ለዶክተሯ» ብሎ አንድ ሊትር የሚይዝ ጠርሙስ ለእማማ አስረክቦ ሮጠ። እማማ ጠርሙሱን አዩት፤ ወርቅ የመሰለ፣ ከላይ አረፋ የሠራ፣ ፀሐይ ላይ ስለዋለም ለብ ያለ ነው። ያዳነችው ልጅ አባት ጠጅ ሰደደላት ብለው አሰቡ። ገና መፍላት ላይ ያለ ጠጅ! የእኔ ነገር የሳቸው ስለሆነ፣ ቀኑም የእመቤታችን ስለሆነ፣ ለማኅበሩ ቄስ መጀመሪያ መቅዳት ተገቢ መሰላቸው።

ስገባ ቄሱ ብርሌውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥተው እያዩት ነበር። በወጣትነታቸው ቅኔ ያስተማሩ፣ ለነገር የማይቸኩሉ ሽማግሌ ናቸው። እኔ መጀመሪያ ብርሌውን አየሁ፤ ከዚያ ከእማማ እግር ሥር ያለውን ጠርሙስ፤ ከዚያ አንገቱ ላይ በክር የታሰረችውን፣ የልጁ ስም የተጻፈባትን ቁራጭ ወረቀት።

«አባ፣ አይቅመሱት!»

አልቀመሱትም። ከእኔ ቀድመው አሽትተውት ኖሯል። ብርሌውን ቀስ አድርገው ከራሳቸው ራቅ አድርገው አስቀመጡት።

«እመይቴ» አሉ ለእማማ፣ «በእኛ ትምህርት ወርቁ ከሰሙ ሥር ነው የሚደበቅ። የዛሬው ቅኔ ግን ተገልብጦብኛል። ወርቁ ላይ ላዩን ይታያል፤ ሰሙ ነው ከሥር ሆኖ የሚሸት።»

ምን መሆኑን ስናገር ከጥግ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸው እስኪወድቅ ሳቁ፤ ሳቁ ቤቱን ዞረ። እማማ ፊታቸውን በነጠላ ሸፈኑ። ሲገልጡት ግን ተቆጥተው ነበር።

«ዶክተር! የአንድ ሕፃን ሽንት ጠርሙስ ሙሉ? ልጅ ነው ወይስ በሬ?»

ከቦርሳዬ የመመርመሪያ ወረቀት አወጣሁ። ጠርሙሱን ይዤ ወደ ግቢው ስወጣ ማኅበርተኛው ሁሉ ተከተለኝ፤ ቄሱም መጡ። ወረቀቷን ነክሬ ከፍ አድርጌ ያዝሁ፤ ሁሉም አንገቱን አስግጎ ያያል። ቢጫ ነበረች። ጠበቅን። ቢጫ እንደሆነች ቀረች።

«ምን አለች?» አሉ ቄሱ።

«ፕሮቲን የለም። አረፋውም መኪናው ስለናጠው ነው። ልጁ ተሽሎታል።»

እማማ እልል አሉ። ሌሎቹም ተቀበሏቸው። ምክንያቱን የማያውቅ ጎረቤት በአጥሩ ላይ ብቅ ብሎ ማን አገባ ሲል ጠየቀ።

ወደ ማታ ግድም ስልኩ ሲሠራ ለአባትየው ደወልሁ። «ትንሽ ብዬዎት አልነበረም?»

«ሰምቻለሁ። ግን ለእርስዎ ትንሽ ነገር እልካለሁ? ነውር አይሆንም?» አለ። «ከሰኞ ጀምረን ነው ያጠራቀምን።»

ሁሉም ቀን እንዲህ አልነበረም። በክረምቱ ልጁ ጉንፋን ይዞት ነበርና በሽታው ተመለሰ። ዓይኑ ጠዋት መሙላቱን እናቱ ከማንም ቀድማ አየች። መንገዱ ክፍት ሆኖ እኔ ዘንድ ሲደርሱ ሆዱ ተነፍቶ፣ ትኩሳት ይዞት፣ ስነካው ይሸሽ ነበር። የተነፋው ሆድ ውስጥ ያለው ውኃ እንዳያመረቅዝ የፈራሁት ፍርሃት ከየትኛውም ገጽ አይገኝም። አባትየው ያን ቀን አንድም ቀልድ አልተናገረም፤ በቡሬ ገበያ እህል ከሚጭንባቸው እጆቹ በአንዱ የልጁን እግር ይዞ ተቀምጦ ዋለ። በሰጠነው መርፌ ትኩሳቱ ወረደ፤ መድኃኒቱ እንደገና ተጀምሮ እንደገና ሠራ። ብዙ ልጆች እንዲህ እየተመላለሰባቸው አድገው እንደሚተዋቸው ነገርኋቸው። እናትየዋ አሁን ወረቀቷን ራሷ ትነክራለች፣ ራሷ ታነባለች።

ለፈተናው ባሕር ዳር ሄድሁ። ያን ሁሉ የደከምሁበት ምዕራፍ ብዙ ይመጣል ብዬ ነበር፤ የመጡት ግን ስማቸውን መጥራት የሚያስቸግር፣ በዘር የሚተላለፉ ሕመሞች ነበሩ፤ ግማሹን በግምት መለስሁ። ስለ ኩላሊት አንዲት ጥያቄ ብቻ ነበረች፤ ዓይኑ ያበጠ፣ ሽንቱ አረፋ የሚሠራ ልጅ፤ ከምርጫዎቹ መሐል ሮና ሪ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ሳቅ አመለጠኝ። ፈታኙ መጥቶ ወረቀቴንና እጄን አየ፤ የሚያስቅ ነገር አጥቶ ሄደ።

አለፍሁ። በብዙ አልነበረም፤ ግን ማለፍ ማለፍ ነው። ዕቃዬን ጠቅልዬ ባሕር ዳር ገባሁና የሕፃናት ሕክምና መማር ጀመርሁ። ልጁ ደኅና ነው፤ አንደኛ ክፍል ገብቷል፤ ጉንጩ ወደ ቦታው ተመልሷል፤ እንደ ድሮውም ክር ነው።

አባቱ አሁንም ይደውልልኛል። ባለፈው ሰሞን ከሰላምታው በኋላ፣ ከእህሉ ዋጋ በኋላ፣ ጉልበቱ ሲነሣና ሲቀመጥ እንደሚያመው፣ ምን መድኃኒት እንደሚሻለው ጠየቀኝ።

«እኔ እኮ አሁን የምማረው የልጅ ሕክምና ነው» አልሁት። «የልጅ እንጂ የሌላ አላይም።»

«ታዲያ እኔስ» አለ፣ «የእናቴ ልጅ አይደለሁም?»